የፈረስ ጉልበትና የጀልባ ገላ
ትልልቅ የውጭ ሞተሮችን በፈጣን ጀልባ ላይ ስለ መግጠም

ሞተር በፈረስ ጉልበት ቁጥር ይሸጣል፤ ጀልባ ግን በቁጥር ብቻ አይሮጥም። ገዢ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ትልቁን ቁጥር በደስታ ይነግረዋል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ከጀልባው ኋላ ከታሰረ ወዲያ ፍጥነቱንም፣ የነዳጁን ወጪም፣ የተሳፋሪዎቹንም ደኅንነት የሚወስነው የጀልባው ገላ፣ የሞተሩ ክብደት፣ የታሰረበት ከፍታና ፕሮፔለሩ እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው። በዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራ የሚለያዩት በዚሁ ላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ጀምሮ መመልከት ለአስመጪውም ለባለሱቁም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1.5 እስከ 600 የፈረስ ጉልበት

በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 ዓ.ም. ሚልዋኪ በተባለችው ከተማ ለገበያ ያቀረበው የውጭ ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ክብደቱ 28 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ነበረ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሐይቅ ሊወስደው ይችል ነበር። ካርል ኪክሄፈር በ1939 ዓ.ም. የመሠረተው የመርኩሪ ፋብሪካ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ዕድገቱ አላቋረጠም። ያማሃ በ2007 ዓ.ም. ባለ 350፣ በ2018 ዓ.ም. ባለ 425 የፈረስ ጉልበት ሞተር አቀረበ፤ መርኩሪ በ2019 ዓ.ም. ባለ 450፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ 12 ሲሊንደርና 7.6 ሊትር ያለውን ባለ 600 የፈረስ ጉልበት ሞተር አስከተለ። የዚህ የመጨረሻው ክብደት 570 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሞተር አንድ ሰው በትከሻው አነሣው፤ ይህንን የሚያነሣው ክሬን ነው።

ፈጣን ጀልባ ሠሪዎች ወደ ውጭ ሞተር የዞሩበት ምክንያት

በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ የሚሠሩት ፈጣን ጀልባዎች ለብዙ ዘመን ሞተራቸውን በሆዳቸው ውስጥ ይዘው ኖረዋል። ሬይመንድ ሃንት የተባለው የጀልባ ንድፍ ዐዋቂ ከፊት እስከ ኋላ ሥር የሰደደ ሹል ሆድ ያለው ገላ ካወጣ በኋላ፣ በዚሁ ንድፍ የተሠራች ጀልባ በ1960 ዓ.ም. ከማያሚ እስከ ናሶ የተደረገውን ውድድር አሸነፈች። በማዕበል ላይ በፍጥነት ለመሄድ የሚያስችለው ገላ ይኸው መሆኑም ታወቀ። የእነዚያ ጀልባዎች ሞተር ግን በውስጥ ስለ ነበረ ሰፊ ቦታ ይይዝ ነበር፤ የቤንዚን ትነትም በጀልባው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት እንዳያስነሣ ዘወትር ጥንቃቄ ያሻው ነበር።

የውጭ ሞተር ይህን ችግር አቀለለ። ሞተሩ ከገላው ውጭ ስለሚቀመጥ ውስጡ ለሰውና ለዕቃ ይለቀቃል፤ ጀልባው ሲቆም ሞተሩ ከጨው ውኃ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲበላሽም ጀልባውን ሳያፈርሱ በሌላ መለወጥ ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ በማያሚ ወደቦች ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሞተሮች ጎን ለጎን የታሰሩባቸውን ጀልባዎች ማየት የተለመደ ሆኗል።

ክብደት የሚያመጣው ጣጣ

ችግሩ የሚጀምረው ለሌላ ክብደት በተሠራ አሮጌ ገላ ላይ አዲስና ትልቅ ሞተር ለማሰር ሲታሰብ ነው። ባለ 450 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ብቻውን ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ሦስቱ በአንድነት ወደ አንድ ቶን ይጠጋሉ። ይህ ሸክም በጀልባው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱ ይነሣል፤ በፍጥነት ጊዜም ጀልባው እንደሚሰግር በቅሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። ከዚህም በቀር ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ መላውን ግፊት ተሸካሚ ነው። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ በፋይበር ግላስ የተሸፈነ የእንጨት ጣውላ ስለ ሆነ፣ በቡሎን ቀዳዳ የገባ ውኃ ለዓመታት ሲያበሰብሰው ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አዲሱን ሞተር ከሳጥኑ ከማውጣቱ በፊት ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህን ሳያደርግ የገጠመ «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» የተባለው ይደርስበታል።

ከፍታና ፕሮፔለር

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። የሞተር እግር ርዝመት ብዙውን ጊዜ 20፣ 25 ወይም 30 ኢንች ሆኖ ይሠራል፤ የግድግዳውም ቁመት ከዚሁ ጋር መመጣጠን አለበት። በተራ ጀልባ ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል ሆኖ ይታሰራል። በፈጣን ጀልባ ግን በውኃ ውስጥ የሚጎተት ብረት ሁሉ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ሞተሩን ከፍ አድርገው ያስሩታል፤ ለዚህም ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የብረት መደገፊያ በመካከል ይገባል። ሆኖም ከልክ በላይ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውም ከውኃ በላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከፍታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ እየተነሣ፣ የውኃው ግፊት በመለኪያ እየታየ መወሰን ይገባዋል።

ሦስተኛው ፕሮፔለር ነው። በፕሮፔለር ላይ «20 ኢንች» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ በጠንካራ ነገር ውስጥ ቢሆን በአንድ ዙር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚራመድ ያመለክታል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር ሲዞርና በጥርሱ አማካይነት ይህ ወደ ግማሽ ሲቀንስ ፕሮፔለሩ 3000 ዙር ይዞራል፤ በሒሳብም በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ውኃ ግን ስለሚያሾልክ ከዚህ ከመቶ አሥር እጅ ቢቀነስ 82 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ቁጥሩ ለጀልባው ከበዛ ሞተሩ እንደ ተጫነ አህያ ያቃስታል፤ ካነሰም ፋብሪካው ከወሰነው ዙር አልፎ ራሱን ይጎዳል። በተለምዶ አንድ ኢንች ሲለወጥ የሞተሩ ዙር ከ150 እስከ 200 ያህል ይለወጣል። ስለዚህ ነጋዴው ሞተር ሲሸጥ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ፕሮፔለር ለመሞከሪያ ቢያዘጋጅ፣ ወጪው ከደንበኛ ቅሬታ የቀለለ ነው።

ጉልበትን ስለ መጨመር የሚነገረው ተስፋም በልክ ሊሆን ይገባዋል። በውኃ ላይ ተንሳፎ የሚሮጥ ጀልባ ክብደቱ ሳይለወጥ ጉልበቱ እጥፍ ቢሆን፣ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ ከመቶ አርባ እጅ ያህል ብቻ ይጨምራል። ትልቁ ሞተር የራሱንና የተጨማሪ ነዳጁን ክብደት ይዞ ስለሚመጣ ትርፉ ከዚህም ያንሳል።

ሕግና ዋስትና

በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል ሕግ፣ ርዝመታቸው ከ20 ጫማ በታች የሆነ አብዛኞቹ የውጭ ሞተር ጀልባዎች ሊሸከሙት የሚችሉትን ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት የሚያመለክት ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል። ከ2021 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጀምሮም ከ26 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ነጂ በፍጥነት ሲሄድ፣ ከወንበሩ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ ወይም መሣሪያ እንዲያያዝ ታዟል። ትልቁ ጀልባ ግን ያን ሰሌዳ የመያዝ ግዴታ ስለሌለበት፣ ልኩን የሚወስነው የሠሪውና የገጣሚው ሕሊና ነው።

አስመጪ ደግሞ የመለዋወጫን ነገር አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሰቨን ማሪን የተባለው ድርጅት በ2011 ዓ.ም. 557 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አውጥቶ ገበያውን አስደነቀ፤ በ2017 ዓ.ም. የቮልቮ ፔንታ ንብረት ከሆነ በኋላ ግን ምርቱ በ2021 ዓ.ም. ቆመ። የኤቪንሩድ ስም ያለባቸው ሞተሮች ምርትም በ2020 ዓ.ም. ተቋርጧል። እንግዲህ በቁጥር የላቀ ሞተር ሁሉ በዕድሜ የላቀ አይደለም።

ለአገራችን ነጋዴ

በአገራችን ሐይቆች 600 የፈረስ ጉልበት የሚሻ ጀልባ የለም ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ደንቡ ግን ለትንሹም ሞተር አንድ ነው፤ እንዲያውም አንድ ነገር ይጨመርበታል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየርን በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ ወደ 82 ይወርዳል። ከባሕር ወለል ሒሳብ ጋር የመጣውን ፕሮፔለር እንዳለ የሚሸጥ ነጋዴ ሞተሩ ደካማ ነው ተብሎ ይወቀሳል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር አብሮ ያዘዘ ግን ያው ሞተር ያስመሰግነዋል።

ስለዚህ ለፋብሪካ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት የጀልባውን ርዝመትና ክብደት፣ የኋላ ግድግዳውን ቁመትና ጤንነት፣ የሚሠራበትን ውኃና ከፍታ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ይህን መዝግቦ ሞተር የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ደንበኛው በሰላም ሄዶ በሰላም የሚመለስበትን ዕቃ ሸጧል፤ ደንበኛውም ሌላ ገዢ ይዞ ይመለስለታል።