የኪኒን ዋጋ ለምን ከበግ ይበልጣል?

ፊደል ልናስተምር በዘመትንበት ቀበሌ የአንድ አባት ባለቤት ታመሙ። እኒህ አባት ሐኪም የጻፈላቸውን ወረቀት ይዘው፣ በግ እየነዱ ከተማ ወረዱ። ሲመለሱ በጉ የለም፤ በእጃቸው አንዲት ትንሽ ካርቶን ብቻ ነበረች። ማታ ለትምህርት ስንሰበሰብ እንዲህ ብለው ጠየቁን፦

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ። ዓመት ሙሉ ያደለብኩት በግ እንዴት በአሥር ፍሬ ኪኒን ይለወጣል? ኪኒኑ ከምን ቢሠራ ነው?»

ያን ዕለት የምንመልሰው አጣን። ከዚያ በኋላ ግን አንብበንና አዋቂ ጠይቀን የደረስንበትን እነሆ ጽፈናል።

አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበት አገር

ብዙዎቹን ኪኒኖች ፋብሪካ ውስጥ ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ታዲያ ዋጋው ከየት ይመጣል? ማጓጓዣ አለ፤ የነጋዴ ትርፍ አለ። መድኃኒት ከውጭ አገር ሲመጣ የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ስለሆነ፣ ዶላር ሲወደድ እሱም ይወደዳል። በአዲስ መድኃኒት ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ።

አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበትን አገር እናስብ። ባለወፍጮው «ለኩንታል ይህን ያህል ክፈሉ» ቢል ምን ይደረጋል? ከፍሎ ማስፈጨት ነው። ወንዝ ማዶ ሁለተኛ ወፍጮ የተተከለ ዕለት ግን ዋጋው ይወርዳል። እህሉ ያው ነው፤ ዱቄቱም ያው ነው። የተለወጠው ነገር ገበሬው ምርጫ ማግኘቱ ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። አዲስ መድኃኒት ላወጣ ኩባንያ መንግሥት የብቻ መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ፓተንት ይባላል። በብዙ አገሮች ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ ያንን መድኃኒት ሠርቶ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ ባለመብቱ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። ወፍጮ የተወደደበት ሰው በእጅ ወፍጮ ይፈጫል፤ መድኃኒት የተወደደበት በሽተኛ ግን ምን አለው?

ኩባንያዎቹ ምን ይላሉ?

«መድኃኒት ፈልጎ ማግኘት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ከምንሞክረውም አብዛኛው ከንቱ ይቀራል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ለምርምሩ ሕዝብ በግብር የከፈለው ገንዘብም ይገባበታል። ለምሳሌ የመጀመሪያው የኤድስ መድኃኒት ኤዚቲ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የተቀመመው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ገደማ፣ በመንግሥት ገንዘብ ይደገፍ በነበረ የካንሰር ምርምር ነው። በ1979 ዓ.ም. ለሽያጭ ሲፈቀድ ግን የአንድ ሰው የዓመት ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነበር።

ሁለተኛው ወፍጮ ሲተከል

በ1992 ዓ.ም. ገደማ የኤድስ ሕመምተኛ ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ከወሰደ በሕይወት መኖር ይችል ነበር። ዋጋው ግን በሀብታም አገሮች በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ይህን ማን ይችላል? መድኃኒቱ እያለ የአፍሪካ እናትና አባት ሞቱ፤ ልጆች ያለ አሳዳጊ ቀሩ።

ደቡብ አፍሪካ በ1990 ዓ.ም. ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችል ሕግ አውጥታ ነበር። 39 የሚሆኑ የመድኃኒት ኩባንያዎች ከሰሷት። በአገሩም በውጭም ሕዝብ ተቃወመ፤ በ1993 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ክሱን አነሱ። በዚያው ዓመት ሲፕላ የተባለ የሕንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒቶች በዓመት በ350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር አቀርባለሁ አለ። ሕንድ በዚያን ጊዜ ፓተንት የምትሰጠው ለመድኃኒቱ ሳይሆን ለአሠራሩ ብቻ ስለነበር፣ በሌላ መንገድ መሥራት አይከለከልም ነበር።

ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉ፤ ዋጋው ወረደ። በ2015 ዓ.ም. ለድሀ አገሮች የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ45 ዶላር በታች ሆነ። በአገራችንም ዋጋው በመውረዱና የውጭ እርዳታ በመገኘቱ፣ የኤድስ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ጀመረ።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሐኪሙን «የመድኃኒቱ ዋና ስም ማን ነው? ተመሳሳይና ርካሽ አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው፤ ዋናው ስምና ኩባንያው ያወጣለት ስም። ፓራሲታሞል ዋናው ስም ነው፤ ፓናዶል ኩባንያ ያወጣለት ስም ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሦስተኛ፣ ተወደደ ብለን የታዘዘልንን በግማሽ አንውሰድ፤ ከገበያ ጉሊትም አንግዛ። በሽታው ሊብስ ይችላል።

አራተኛ፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች መሞከር የተጀመረ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። ይህ እንደ እድር ነው፤ በደህና ጊዜ አዋጥቶ በሕመም ጊዜ መታከም ነው። በወረዳችን ካለ እንግባ።

የእኒያን አባት ካርቶን የጤና ባለሙያዋ አየችው። «ይኸው መድኃኒት በዋና ስሙ በግማሽ ዋጋ ይገኝ ነበር» አለች። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ ይህን ፊደል ቶሎ አስጨርሱኝ፤ ካርቶኑን ራሴ ላንብበው» አሉን።

ጥያቄዎች

1. ፓተንት ምንድን ነው?
2. የኤድስ መድኃኒት ዋጋ እንዴት ወረደ?
3. ቤታችሁ ባለ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ዋናውን ስም ፈልጉና አንብቡ።