ባለቤት የሌለው ቡችላ ከበርህ ቢደርስ

ውድ አንባቢ፤ እስቲ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ቤትህ ቱላ ነው እንበል። ከሐዋሳ መካከል ተነሥተህ በዲላ መንገድ ወደ ደቡብ ስታቀና፥ ፎቁና ጫጫታው ወደ ኋላ እየቀረ፥ እንሰትና ቡና የከበባቸው ግቢዎች መታየት ይጀምራሉ። ቱላ የሐዋሳ ከተማ ክፍል ናት፤ ነገር ግን አንድ እግሯ በከተማ፥ ሌላው እግሯ በገጠር ነው። ቀን ባጃጅ ይመላለስባታል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይጮኽባታል።

አንድ የክረምት ማታ ከሥራህ ወይም ከትምህርትህ ስትመለስ፥ ከኋላህ ትናንሽ እግሮች ጭቃውን ሲረግጡ ትሰማለህ። ዞር ስትል አንድ ቡችላ ነው። ጎድኑ ይቈጠራል፤ ጆሮው በዝንብ ተበልቷል። «ሂድ!» ትለዋለህ፤ ይቆማል። ትሄዳለህ፤ ይከተልሃል። ድንጋይ ለማንሣት ጐንበስ ስትል ጅራቱን ወሽቆ መሬት ላይ ይለጠፋል እንጂ አይሸሽም። በዚህ ሁኔታ ሁለታችሁም ከበርህ ትደርሳላችሁ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እናትህ፥ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው? እኛስ መቼ ጠገብን!» ይላሉ። አባትህ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፥ «ውጭ ካደረ ጅብ ይበላዋል። ለዛሬ ይደርና ነገ እናያለን» ብለው ይፈርዳሉ። ታናሽ እኅትህ ግን ነገን አትጠብቅም። ከራቷ ላይ ቈርሳ እያጐረሰችው «ቡቺ» የሚል ስም አውጥታለታለች። ስም ከወጣለት በኋላ ማን ደፍሮ ያስወጣዋል? እንዲህ ሆኖ ያ ቤተሰብ አንድ ነፍስ ይጨምራል።

ይህ ነገር በቱላ ብቻ ሳይሆን በጎንደርም፥ በደሴም፥ በአዲስ አበባም ዘወትር የሚሆን ነው። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ቡችላውን አስገባው ወይም አባረው ለማለት አይደለም። የምጽፍልህ ካስገባኸው በኋላ ስለሚመጣብህ ኀላፊነት ነው።

ውሻና እኛ

በአገራችን የውሻ ክብርና ውርደት ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሰውን ለመስደብ ስንፈልግ የእርሱን ስም እንጠራለን፤ ታማኝነትን ለማመስገን ስንፈልግም ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በወንጌል እንደ ተጻፈው፥ አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ወድቆ ሰው ሁሉ በረሳው ጊዜ ቍስሉን የላሱለት ውሾች ነበሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ፥ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው አብሮ ተከትሎታል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሉሉ» በሚል ስም የታወቀ ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ በሞተም ጊዜ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ መቃብር ተሠርቶለታል።

በአንጻሩ በየጎዳናው ዳር ድንጋይ የሚወረወርበት፥ በየጊዜውም በመርዝ የሚገደለው ውሻ አለ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በውሻው ዘር ወይም በጠባዩ የመጣ አይደለም። አንደኛው ባለቤት አለው፤ ሁለተኛው የለውም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ግማሽ ባለቤትነት

በመርዝ መግደል ችግሩን ፈጽሞ አያስወግደውም። ቆሻሻውና ፍርፋሪው እስካለ ድረስ የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም። ሌላ ማንም ያላየው፥ ማንም ያልከተበው ውሻ ይተካበታል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ሌላ መንገድ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት መቶ ውሾች ሰባው በሥርዓት ከተከተቡ የእብደት በሽታ ሰንሰለት ይበጠሳል።

ታዲያ ይህ ለምን ያስቸግራል? ብዙዎቹ የሰፈራችን ውሾች ፈጽሞ ሰው የሌላቸው አይደሉም፤ ግማሽ ባለቤት ያላቸው ናቸው። ፍርፋሪ የሚጥልላቸው ሰው አለ። ሌሊት ሲጮኹ ሰምቶ ተረጋግቶ የሚተኛም ሰው አለ። ነገር ግን «ይህ ውሻ የማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ዕለት ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል። ሲጠብቅ የሁላችን፥ ሲነክስ የማንም አይሆንም። የሚከተበውም እንዲህ ያለው ውሻ አይደለም፤ ወደ ሐኪም የሚወስደው እጅ የለምና።

ውድ አንባቢ፤ ለአንድ ቡችላ ቍራሽ መስጠት ርኅራኄ ነው። ርኅራኄው የሚፈጸመው ግን «ይህ ውሻ የእኔ ነው» ብለህ በጎረቤቶችህ ፊት ለመናገር የበቃህ ዕለት ነው።

ጥርሱ ያረፈ ዕለት

አሁን ወደ ቱላው ቤትህ እንመለስ። ቡቺ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጎድኑ ተሸፍኗል፤ ጠጕሩም ማብረቅ ጀምሯል። ከዕለታት አንድ ቀን ከእኅትህ ጋራ ሲጓተት እጇን ነክሶ ትንሽ ደም አወጣ። እኅትህ ቡችላው እንዳይባረርባት ፈርታ እጇን በቀሚሷ ሸፈነች። እናትህ አይተው፥ «ሲጫወት ነው፤ ትንሽ ጭረት ናት» አሉ። ጎረቤታችሁ ደግሞ ዱላውን ይዞ መጥቶ፥ «ዛሬውኑ ይገደል!» አለ። አንተ የተማርክ ነህና ሁሉም ወደ አንተ ይመለከታል። ምን ትላለህ?

አስቀድመህ ይህን ዕወቅ። የውሻ እብደት በሽታ ተሐዋሲ የሚኖረው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፥ በጭረት ወይም ቍስል በመላስ ወደ ሰው አካል ይገባና በነርቭ ላይ እየተጓዘ ወደ አንጎል ያመራል። መንገዱ ረዥም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት ይበልጣል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽተኛውን የሚያድን መድኀኒት የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺሕ የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ነው። ከሚነከሱትም ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ልጆች ከውሻ ጋራ ይጫወታሉ፤ ቢነከሱም እንደ እኅትህ ይደብቃሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ ከእኅትህ ጋራ ነው። አትቈጣት፤ እጇን ይዘህ ወደ ውኃ ውሰዳት። ቍስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እጠበው። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ረዥም ነው፤ ሰዓትህን እያየህ እጠብ እንጂ በግምት አትተው። ከዚያም ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይዘሃት ሂድ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያበቃም፤ ሐኪሙ የነገረህን ቀን ሁሉ ቈጥረህ ማስፈጸም ያንተ ሥራ ነው። ጸበልና ጸሎት የሚሹ እናት ቢኖሩህ አትከራከራቸው፤ ሳሙናውና መርፌው ግን ይቅደም።

ሁለተኛው ሥራህ የጎረቤትህን ዱላ መያዝ ነው። ቡችላው ጤነኛ መስሎ ከታየ አስሮ፥ ከልጆችና ከከብት ለይቶ፥ ዐሥር ቀን መመልከት ይገባል። ሰውን በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታ የነበረበት ውሻ በእነዚህ ዐሥር ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታልም። ዐሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ ግን ንክሻው በሽታ አላስተላለፈም፤ ሐኪሙም የእኅትህን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። ውሻውን በመጀመሪያው ቀን ከገደልከው ግን ምስክርህን ገደልህ ማለት ነው። ጠባዩ ከተለወጠ፥ ለሃጩ ከተዝረበረበ፥ መዋጥ ካቃተው፥ ድምፁ ከጐረነነ ወይም ያለ ምክንያት እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከጀመረ አትቅረበው፤ ወዲያውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥራ።

አንዲት እናትና አንድ ሊቅ

ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን ወሰን አካባቢ በምትገኘው በአልዛስ፥ ዦዜፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያበደ ውሻ ነከሰው። እናቱ ልጇን ይዛ ወደ ፓሪስ ወደ ሊቁ ወደ ሉዊ ፓስተር ሄደች። ፓስተር ክትባቱን በእንስሳት ላይ ሞክሮታል እንጂ በሰው ላይ ገና አላረጋገጠውም ነበር። ዝም ቢል ልጁ ይሞታል፤ ቢሞክር ደግሞ በደሉ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ነው። ሐምሌ 6 ቀን ክትባቱ ተጀመረ፤ ልጁም ዳነ። አድጎም በፓሪስ የፓስተር ተቋም ጠባቂ ሆኖ አገልግሏል።

የዚያ ሊቅ ስም እኛም ዘንድ ደርሷል። በአዲስ አበባ በጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል። ውሻ የነከሰው ሰው መድኀኒት ፍለጋ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ ስሙም የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል።

የቡቺ መብትና ያንተ ግዴታ

እኅትህ ዳነች፤ ቡቺም ዐሥሩን ቀን በጤና ጨረሰ እንበል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አልተማርንም ማለት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብደት በሽታ ክትባት ሊወጋ ይገባዋል፤ ከዚያም በኋላ ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይደገምለታል። አንተ ደመወዝ የምትጠብቅ ጸሐፊ ወይም የወላጅህን እጅ የምታይ ተማሪ ነህና ወጪው ያሳስብሃል። ነገር ግን የአንድ ውሻ ክትባት ወጪ ለአንድ ሰው ተደጋጋሚ መርፌ፥ ለመንገድና ከሥራ ለመቅረት ከሚወጣው ጋራ አይወዳደርም። የሐዋሳ ነዋሪ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣልና፥ ምክር የሚጠይቀው ሰው ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ለበዓል በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲከፋፈል፥ ውኃ የቋጠረ ዕብጠት ያለበትን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አትጣልለት። በዚያ ዕብጠት ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ይራባል። እንቍላሉም ከዐይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ፥ ከእጅም ወደ አፍ ይገባና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ዕብጠት ያወጣል። እንዲህ ያለውን ክፍል ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍረህ ቅበረው ወይም አቃጥለው። ለቡቺም የሆድ ትል መድኀኒት በጊዜው አሰጠው።

ሦስተኛ፥ እየወለዱ በጎዳና ለመጣል የሚሆን ውሻ አታራባ፤ ስለ ማምከን የእንስሳት ሐኪሙን አማክር። ዛሬ በጭቃ ውስጥ የተከተለህ ቡችላ ትናንት ሌላ ሰው «ይሂድና ይኑር» ብሎ የጣለው ነው።

የአንድ ውሻ ጕዳይ እስከ ባሌ

«የእኔ አንድ ውሻ ምን ያደርጋል?» እንዳትል አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ በኩል፥ በባሌ ተራሮች ላይ በዓለም ሁሉ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቍጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ዓ.ም. የእብደት በሽታ ከውሾች ወደ እነዚህ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷቸዋል። እረኞች ከብቱን ተከትለው ወደ ተራራው ሲወጡ ውሾቻቸውም አብረው ይወጣሉና። በተራራው ዙሪያ ያሉ ውሾችን መከተብ፥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ማብላት ተጀመረ። በአንድ እረኛ ደጅ ያለ ያልተከተበ ውሻ የአገርን ቅርስ ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ ትረዳለህ።

አሁን እንደገና በቱላ መሽቷል እንበል። ዝናቡ አባርቷል፤ ከእንሰቱ ጀርባ ጅቡ ይጮኻል። ቡቺ አድጓል፤ ጅቡ ወደ አጥሩ ሳይጠጋ አስቀድሞ ይጮኻል። እናትህ «እኛስ መቼ ጠገብን» ያሉትን ረስተው ከድስቱ ሥር የተረፈውን ይዘውለት ይወጣሉ። አባቶቻችን ለዘገየ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ይተርታሉ። ቡቺ ይህ ተረት አይደርስበትም፤ እርሱ የሚጮኸው በጊዜው ነው። እኛም ውሻ ልጅ ከነከሰ በኋላ ዱላ ይዘን ከምንሮጥ፥ ቡችላው በራችንን የረገጠ ሰሞን ወደ ሐኪም ብንወስደው ተረቱ በእኛም ላይ አይደርስም።