የመንገድ ጨው ወዴት ይሄዳል?

በረዶ መጣል ሲጀምር የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ጠራጊ መኪኖች ከፊት በረዶውን እየገፉ፣ ከኋላ ጨው እየበተኑ ጎዳና ይወጣሉ። በእነዚህ የሚኒሶታ መንትያ ከተሞችና አካባቢያቸው በአንድ የበረዶ ወቅት 350 ሺህ ቶን የሚጠጋ ጨው ይፈስሳል። አያት ቅድመ አያቶቹ በአሞሌ ለተገበያዩት የከተሞቹ ኢትዮጵያዊ ነዋሪ ይህ ገንዘብ እንደ መዝራት ሊመስለው ይችላል።

ጉዳቱ ግን ከገንዘብ ያልፋል። በረዶው ሲቀልጥ ጨው አብሮት ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከጨው የሚወጣው ክሎራይድ አይበሰብስም፤ በተለመደው የውሃ ማጣሪያም አይወገድም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳጠኑት ከሚበተነው ጨው 70 በመቶ ያህሉ እዚያው ተፋሰስ ውስጥ ይቀራል። 19 ሊትር ውሃ ለማበላሸት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ ሐይቁ ሥር ይተኛል፤ የላይኛው ከታችኛው ጋር መቀላቀሉ ሲስተጓጎል ታች ያሉት ፍጥረታት ኦክስጅን ያጥራቸዋል።

ምትክ ፍለጋው ብዙ አስሞክሯል፣ አንዳንዱም ፈገግ ያሰኛል። በወተት ምርቷ በምትታወቀው ዊስኮንሲን የፖልክ አውራጃና የሚልዋኪ ከተማ አይብ የተዘፈዘፈበትን ጨዋማ ውሃ መንገድ ላይ ረጭተዋል። የካናዳዋ ካልጋሪ ከቀይ ሥር ዘመድ፣ ስኳር ከሚወጣበት ተክል የተረፈውን ጭማቂ ከጨው ውሃ ጋር ቀላቅላለች። ሁለቱም ጨውን ይቀንሳሉ እንጂ አያስቀሩም፤ ጭማቂው ደግሞ ሐይቅ ሲገባ እየበሰበሰ ኦክስጅን ይሻማል። አሸዋ በረዶ አያቀልጥም፤ ቦይ ይደፍናል፣ በረዶው ሲያልፍም አቧራ ሆኖ ይነሳል።

የታደሉት ከተሞች መንገዳቸውን ከሥር ያሞቃሉ። በሚቺጋን የምትገኘው ሆላንድ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኃይል ማመንጫ የሚተርፈውን ሙቀት በውሃ ቱቦ እያሳለፈች የመሐል ከተማ ጎዳናዎቿን ከበረዶ ትጠብቃለች። ሬይክያቪክ ቤት አሙቆ የወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ በእግረኛ መንገድ ሥር ትሰደዋለች። የሚባክን ሙቀት የሌለው ከተማ ግን ይህን ልቅዳ ቢል ወጪው አይቀመስም።

የተሻለው ውጤት የመጣው ጨውን በልክ ከመጠቀም ነው። ደረቅ ጨው አስፋልት ላይ ነጥሮ ወደ ዳር ይበተናል፤ አስቀድሞ ሲረጥብ ግን ይጣበቃል። በረዶው ከመጣሉ በፊት የጨው ውሃ መርጨትም በረዶው አስፋልቱን እንዳይዝ ያደርጋል። አስፋልቱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ተራ ጨው እምብዛም ስለማይሠራ፣ መለካት ያለበት የአየሩ ሳይሆን የመንገዱ ሙቀት ነው። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይህንኑ ለሠራተኞች ያስተምራል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞቹን አሠልጥኖ የጨው ፍጆታውን 41 በመቶ ቀንሷል።

ከመንግሥት መኪና ይልቅ አስቸጋሪው የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ነው። ባለንብረቱ አንድ ደንበኛ ተንሸራቶ ቢከሰኝስ ብሎ ስለሚፈራ ጨው ያስቆልላል። ኒው ሃምፕሻየር በ2013 እ.ኤ.አ. ሠልጥነው የምስክር ወረቀት የያዙ ጨው በታኞችን ከእንዲህ ዓይነቱ ክስ የሚከላከል ሕግ አውጥታለች። በሚኒሶታም ተመሳሳይ ረቂቅ በተደጋጋሚ ለሕግ አውጪዎች ቀርቧል።

ለቤት ባለቤት ያለው ምክር ቀላል ነው፤ ቀድሞ በአካፋ መዛቅ፣ ከዚያ ስድስት ሜትር ርዝመት ላለው የመኪና መግቢያ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው አራርቆ መበተን፣ ሳይቀልጥ የተረፈውን ደግሞ ጠርጎ ለሚቀጥለው በረዶ ማስቀመጥ።