ጌሾን በጓሮ ስለ መትከልና ስለ መንከባከብ

ጌሾ ቅጠሉም እንጨቱም ለጠላና ለጠጅ ምሬት የሚሰጥ ቁጥቋጦ ነው። ሆኖም ጓሮ እያለው በዓል በመጣ ቁጥር ጌሾ ከገበያ የሚገዛ ገበሬ ጥቂት አይደለም። በደንብ የተተከለ ጌሾ ግን ለብዙ ዓመት ይለቀማል፤ ከቤት የተረፈውም ተሸጦ ለወጪ ይሆናል።

ቦታ፦ ጌሾ ወይና ደጋና ደጋ ይስማማዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ሥሩን ስለሚያበሰብሰው፥ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ይምረጡለት።

ዘር፦ ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፥ ቀጥሎም ቀይ፥ ሲበስል ወደ ጥቁር ያደላ ሐምራዊ ይሆናል። ለዘር የሚለቀመው በሚገባ የበሰለው ነው። ፍሬውን በእጅ አሽተው ሥጋውን በውሃ ያጥቡ፤ ዘሩንም በጥላ አድርቀው ሳይቆይ ይዝሩ።

መደብ፦ በታኅሣሥ ወይም በጥር መደብ አዘጋጅተው ዘሩን በስሱ አፈር ይሸፍኑ። የሣር ዳስ ይሥሩለት፤ መደቡ እንዳይደርቅም ውሃ ያጠጡ። ችግኙ ከመተከሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጥላውን ቀስ በቀስ ያንሱ፤ ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ሲተከል ይጠወልጋልና።

ተከላ፦ ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኑረው። የላዩን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለው ይመልሱበት፤ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር ተኩል ይተዉ። የተከላው ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ በሐምሌ ነው። ከብትና ፍየል እንዳይደርሱበት ይጠሩለት፤ ሥሩንም ከአረም ያጽዱ።

ለቀማ፦ አንዳንድ ጌሾ የሚሞተው በበሽታ ሳይሆን በድግስ ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲደርስ ገና ያልጠና ተክል ቅጠሉ አንድ ሳይቀር ይገፈፋል። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለ ሆነ፥ ቅጠሉን ያጣ ጌሾ ሥሩ ይራባል፤ በበጋም ይደርቃል። ስለዚህ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይታገሡ። ከዚያም በኋላ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሢሶ የበለጠ አይውሰዱ። የጠናውን ቅጠል ለቅመው ለጋውን ጫፍ ይተዉ። እንጨቱን ሲፈልጉ በስለታም ማጭድ አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ፤ ውሃ በቁስሉ ላይ እንዳይቆም ነው።

ጥንቃቄ፦ ቅጠሉ መጠጥ ውስጥ የሚገባ ስለ ሆነ ፀረ ተባይ መርዝ አይርጩበት። ተባይ ያረፈበትን ጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉ። የተለቀመውንም በጥላ፥ በሰሌን ላይ በስሱ አስጥተው እያገላበጡ ያድርቁ። ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ጌሾ ይሻግታል፤ ጠላውንም ያበላሻል።

ለመጀመሪያው አምስት እግር ይበቃል። እነዚህን በየተራ እየለቀሙ፥ አንዱ ሲለቀም ሌላውን ያሳርፉ። እንዲህ ከተያዘ ድግስ ሲመጣ ጌሾው ይበቃል፤ ድግሱም ሲያልፍ ጌሾው ቆሞ ይገኛል።