ቤንዚን የበላው ትራስ

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣበታል፤ ኩርባው ማለቂያ የለውም። አንድ ማለዳ የተሳፈርኩባት አይሱዙ ከኋላዋ አንድ በርሜል ቤንዚን ጭና ነበር። በርሜሉ ከብረቱ ጋር እንዳይላተም ረዳቱ ከቴሌቪዥን ካርቶን ያወጣውን ነጭ ፎም ከሥሩ ጎዝጉዞለታል።

ዶርዜ ስንደርስ በርሜሉ አጋድሏል። ረዳቱ ከሥሩ እጁን ሰደደና ወዲያው መለሰው። «ጋሼ፣ ፎሙ የለም!»

የስንዝር ያህል ውፍረት የነበረው ትራስ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ዝልግልግ ሆኗል። ሹፌሩ «ፀሐይ አቅልጦት ነው» አለ። ፀሐይ እንዳይባል ግን ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ክብደቱ ጨፍልቆት ነው እንዳይባልም፣ ደረቁ ጠርዝ እዚያው በርሜሉ ሥር እንዳለ ቅርጹን አልለቀቀም። የጠፋው ክዳኑ ያንጠባጠበበት ቦታ ብቻ ነው።

ጨንቻ ገብተን ሦስት ቁራጮች ከእሳት ርቀን ውጭ ላይ ደረደርን፦ ከዚያው ነጭ ፎም፣ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ አዲስ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣው ለስላሳ ፎም። በየአንዳንዳቸው ላይ ጥቂት ቤንዚን ጠብ አደረግን። ነጩ እየተንጫጫ ሰረጎደ። ስፖንጁ ጠጣው፤ ሳይሟሟ ራሰ። በለስላሳው ላይ ግን ጠብታው ቁጭ አለ፤ በጨርቅ ሲጠረግ ፎሙ እንደነበረ ነው።

ምስጢሩን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት ይገልጠዋል። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ 98 በመቶ ያህሉ አየር ሲሆን የቀረው ስስ ግድግዳ ከቤንዚን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ቤንዚኑ በፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ ያላቅቃቸዋል፤ አየሩ ያመልጣል፤ የስንዝሩ ትራስ ወደ ጭብጥ ይወርዳል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ምንም አይነካውም፤ ባዳ ነውና። የፍራሹ ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን ነው፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ስለተሳሰሩ አይሟሟም፤ ቀዳዳዎቹ ክፍት በመሆናቸው ግን ቤንዚን ይጠጣል፤ ያም በመኪና ላይ የእሳት መጋበዣ ነው።

ሦስተኛው ፖሊኢታይሊን ነው። እሱም ቢሆን የቤንዚን ዘመድ ነው፤ ታዲያ ምን አዳነው? ሰንሰለቶቹ በአብዛኛው ቀጥ ያሉና ልሙጥ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ በዚህ ቅዝቃዜ የሚያላቅቃቸው ፈሳሽ የለም። አረፋዎቹም እያንዳንዳቸው ዝግ ናቸው። ብርጭቆ የሚበላውን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እንኳ በፖሊኢታይሊን ጠርሙስ ያስቀምጡታል። ቤንዚን ግን ውሎ ካደረበት ፎሙ ያብጣል፤ ቁራጩን ነክረን ብናሳድረው ጠዋት ጠርዙ ተጣሞ አገኘነው።

ፖሊኢታይሊን ራሱ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። መጋቢት እ.ኤ.አ. 1933 እንግሊዝ አገር፣ ዊኒንግተን ባለው የኬሚካል ኩባንያው የአይሲአይ ላቦራቶሪ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት ኢታይሊን ጋዝን ከቤንዛልዲሃይድ ጋር በከፍተኛ ግፊት ዘግተው በ170 ዲግሪ ያሞቁታል። የጠበቁት ውህድ አልመጣም፤ በዕቃው ውስጥ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሮ ተገኘ። ሊደግሙት ሲሞክሩ ፈነዳባቸው። በታኅሣሥ 1935 ማይክል ፔሪን ሲሞክረው ዕቃው አፈሰሰ፤ ጋዝ ሲጨምሩበት 8 ግራም ያህል ዱቄት ወጣ። በኋላ እንደተረዱት ሥራውን ያስጀመረው ከጋዙ ጋር የገባ ጥቂት ኦክስጅን ነበር። ያኛው ፍሳሽ በረከት አመጣ፤ የእኛ ፍሳሽ ትራስ በላ።

ምን ከምን ጋር ቢቀመጥ ይስማማል ለሚለው ጥያቄ ጨንቻ እንግዳ አይደለችም። እናቶች ቆጮውን በጉድጓድ ሲቀብሩት መጀመሪያ የእንሰት ቅጠል ያነጥፋሉ፤ ኮምጣጣው ሊጥ በዚያ ውስጥ ይሰነብታል። መልሱን ያወቁት በመሞከር ነው። በርሜል የሚያነሱና የሚያቅፉ መሣሪያዎችን በፎም የሚለብጡ ባለሙያዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ በርሜሉ ምን ያህል ይመዝናል ብቻ ሳይሆን፣ ቢያፈስ ምን ያፈሳል?

ስንመለስ ረዳቱ መጀመሪያ ክዳኑን አጠበቀ። ከዚያ ለስላሳውን ፎም ጎዘጎዘ፤ ከማንጠፉ በፊት ግን ከጠርዙ ቆርሶ ጠብታ ጣል አደረገበትና ቆሞ ጠበቀ። ሹፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም አልቸኮለም።