ክብሪቱና ክኒኑ

ዶዮገና ገበያ ነው። ጉሙ ከኮረብታው ላይ ገና አልተነሣም፤ ድንች በጆንያ ተደርድሯል፣ ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ለገዢ ቀርቧል። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጆንያ ሊሸከም ያጎነበሰ ልጅ ድንገት አንድ ድምፅ አውጥቶ ተዘረረ። ጩኸት አይባልም፤ ደረት ሲጨመቅ አየሩ በጉሮሮ የሚወጣበት ድምፅ ነው። መላ አካሉ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ከዚያ እጅና እግሩ መንፈራገጥ ጀመረ። በአፉ ዳር አረፋ ታየ። በዙሪያው የነበረው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። «አትንኩት! ክብሪት! ክብሪት ያለው!» አለ አንዱ። ክብሪቱ ተጫረ፣ እፍ ተባለና ጭሱ ወደ ልጁ አፍንጫ ተጠጋ። ሌላ ተጫረ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ድንች ሻጭ ብቻ ነጠላዋን አጣጥፋ «አይዞህ የኔ ልጅ» እያለች ከራሱ ሥር አስገባች። ሦስተኛው ክብሪት ላይ ልጁ ጸጥ አለ፤ በረጅሙ ተነፈሰ። ክብሪት የጫረው ሰው ዞር ብሎ ሰዉን አየና «አያችሁ፣ ለቀቀው» አለ።

ይህን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። «ለቀቀው» የምትለዋ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም። ያዘው፣ ጣለው፣ ለቀቀው እንላለን። የበሽታው ስምም «የሚጥል» ነው። ይህን ሕመም በምንናገርባቸው ግሦች ሁሉ ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ታማሚው ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። የጣለው ማን እንደሆነ አይነገርም። ስለማይነገርም ሁሉም በየፍርሃቱ ይሞላዋል፦ ጋኔን፣ ቡዳ፣ እርግማን፣ የወላጅ ኃጢአት።

የሚጥለው ነገር የት እንዳለ ግን ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያው ከነጠላው በላይ፣ ራስ ቅሉ ውስጥ ነው።

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ከምንበላው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይጨርሳል። በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚደርሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ እንደ ተሞላ ባትሪ ነው፤ ውስጡ ከውጭው ይልቅ 70 ሚሊቮልት ያህል ኔጋቲቭ ሆኖ ይጠብቃል። ጎረቤቱ ሲቀሰቅሰው በገጹ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ሶዲየም፣ ያው በወጥ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ያ ጎርፍ ነው ኤሌክትሪኩ። የሕዋሱን ረጅም ክር ይዞ ይሮጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ለሚቀጥለው ሕዋስ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ግሉታሜት ከሆነ «ተነሣ» ማለት ነው፤ ጋባ የሚባለው ከሆነ ደግሞ «አርፈህ ተቀመጥ»። ማሰብም፣ መራመድም፣ የእናትን ድምፅ መለየትም በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ላይ ያረፈ ነው።

ሚዛኑ ሲጠበቅ አንጎል የዶዮገናን ገበያ ይመስላል። ጫጫታ ነው፤ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል፣ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ዋጋ ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ዝም ብሎ ያያል። ከሩቅ ሲሰሙት ድብልቅልቅ ይበል እንጂ ሥራው የሚሠራው በዚያው ጫጫታ ነው። አሁን ገበያተኛው ሁሉ ጉዳዩን ትቶ በአንድ ምት ማጨብጨብ ጀመረ እንበል። ድምፁ ከቅድሙ ይበልጣል፤ ግብይቱ ግን ቀጥ ይላል። ልጁን የጣለው ይህ ነው። «ተቀመጥ» ባዩ ኬሚካል ተሸንፎ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ላይ ሲተኩሱ እጅና እግር በዚያ ምት ይንፈራገጣል፤ ንቃት ይጠፋል። ጭብጨባው ግን አይዘልቅም። አንጎል የራሱ ማብረጃ አለው፤ አብዛኛው መንፈራገጥ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ያቆማል። አንድ ሰው ሦስት ክብሪት ለመጫር የሚፈጅበትም ጊዜ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ምስጋናውን ክብሪቱ የሚወስደው ለዚህ ነው።

ድንች ሻጯ ያደረገችው ትክክል ነበር። መደረግ ያለበት ይህ ነው፦ ራሱን ከድንጋይ መጠበቅ፣ አንገት የሚያንቀውን ልብስ ማላላት፣ ምራቁ ወደ ሳንባው እንዳይገባ በጎኑ ማስተኛት፣ በጥርሱ መካከል ምንም ነገር አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። አረፋው ደግሞ ያልተዋጠ ምራቅ ነው፤ ሕመሙን ለማንም አያስተላልፍም። በዚህ በአረፋው ፍርሃት ብቻ ስንት ሰው ሜዳ ላይ ብቻውን እየተንፈራገጠ ተትቷል!

አንድ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዓለም ስለ አንጎል ከሚያውቀው ብዙ ነገር የተማረው ሰው ከሚሸሻቸው ከእነዚሁ ታማሚዎች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ መንቀጥቀጡ ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ፊት በቅደም ተከተል ሲጓዝ አስተዋለ። ቅደም ተከተል ካለ ካርታ አለ ማለት ነው፤ ሰውነታችን በአንጎል ገጽ ላይ በየክፍሉ ተሥሏል ብሎ ደመደመ፤ ኋላም በቀዶ ሕክምና ተረጋገጠ። ጀርመናዊው ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዳ፤ መሣሪያው እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ለዚህ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ መንፈራገጡ አላስኖር ብሎት የአንጎሉ የውስጥ ክፍል በሁለቱም ጎን ተቆርጦ ወጣለት። ሕመሙ ቀለለለት፤ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ የሚያክሙትን ሰዎች በየዕለቱ እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር። አዲስ ትዝታ አንጎል ውስጥ የት እንደሚሠራ ተማሪዎች ዛሬ የሚማሩት ከእሱ ጉዳት ነው።

እኛም አገር ዕውቀቱ የመጣው ከታማሚዎች ደጃፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚወርድ ሰው ቡታጅራን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መረመሩ። 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ ተገኘባቸው፤ ከሺህ 5.2 መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ሲወራ ይጠቀሳል። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከእነዚያ ታማሚዎች የታወቀ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ316 ሰው አምስት ሰው እንደማለት ነው። የቀሩት ሥር ይቀቀልላቸው፣ ክታብ ይታሰርላቸው፣ ጸበል ይጠመቁ ነበር።

የዶዮገና ገበሬ ከመስቃን ገበሬ ብዙ አይለይም። እንሰቱ ያው፣ ጎጆው ያው፣ ምድጃውም ያው ነው። ይህ ምድጃ ለሚወድቅ ሰው ከጋኔን የባሰ ጠላት ነው። በቤቱ መካከል፣ በመሬት ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እሳት አለ። በልጅነቴ ከማውቃቸው ሴቶች የአንዷ ቀኝ እጅ ጣቶች ተጣብቀው ነበር። «እሳት በላት» ይሉ ነበር። ለምን እሳት ላይ እንደወደቀች የነገረኝ አልነበረም፤ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሳታገባ አረጀች።

የሕመሙን መነሻ ሰው ሲጠይቅ ሐኪሞች ብዙ ምክንያት ይጠራሉ። ምጥ ረዝሞ አየር ያጠረው ሕፃን፣ በማጅራት ገትር የተጎዳ ልጅ፣ ከባጃጅና ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱ የተመታ ወጣት፣ በዘር የመጣ ዝንባሌ። በብዙዎች ላይ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። በሐድያና በከምባታ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው «ኮሶው ነው ወይ ወደ ራስ የሚወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አይደለም ነው። ከበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል በሰው አንጎል ውስጥ አይሰፍርም፤ ያን የሚያደርገው የአሳማው ዘመዱ ነው።

መድኃኒቱስ? የመድኃኒቱ ታሪክ ከገበያው ክብሪት ጋር ሳስተያየው ያንገበግበኛል። አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት ሐኪም በጀርመን፣ በፍራይቡርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሚጥል ሕመምተኞች ክፍል በላይ ይኖር ነበር። ሌሊት መውደቃቸውና ጩኸታቸው እንቅልፍ ስለነሣው የማስተኛ መድኃኒት ሰጣቸው። ኋላ ሲያይ የተኙ ብቻ አልነበሩም፤ ቀንም መውደቃቸው ቀንሶ ነበር። ያ መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። ሥራውም አሁን ይታወቃል፤ «ተቀመጥ» የሚለውን የጋባን በር ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይይዛል። በርካሽነቱ የሚወዳደረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድን ሰው ለዓመት ለማከም 5 የአሜሪካ ዶላር ሊበቃ ይችላል፤ በሚገባ ከሚታከሙት እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። በዓለም ላይ ካሉት 50 ሚሊዮን ያህል ታማሚዎች 80 በመቶ የሚጠጉት ግን የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው።

ታዲያ ይህች ነጭ ክኒን ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዛ ዶዮገና ለመድረስ ለምን ተቸገረች? አንደኛው ምክንያት ሰው አይጠረጥረውም። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት በቁጥጥር ሥር ካሉ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለማስገባት ፈቃድ፣ ለማጓጓዝ ወረቀት ይጠየቃል። ርካሽ በመሆኑ ደግሞ ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ አይሻማበትም። ሁለተኛው ምክንያት ሐኪሙ ነው። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሸክሙን የተሸከሙት በብዛት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው። አገልግሎታቸው ውለታ ነው፤ ነገር ግን «የእብድ ሐኪም ቤት ገባች» እንዳይባል ልጁን የሸሸገ ወላጅ ስንት ነው! በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ሥራ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ይህን ሕመም በአቅራቢያው ማከም እንደሚችሉ አሳይቷል። ለዶዮገና ሰው ሆሳዕና ያለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርብ ነው ይባላል። ቅርብ የሚሆነው ለአንድ ቀን ነው። መድኃኒቱ የዓመታት ስለሆነ መንገዱም በየወሩ የሚመላለሱበት ነው።

ስለ ጸሎትም መናገር አለብኝ፤ በዚህ አገር ተወልዶ ስለዚህ ሕመም ጽፎ ጸሎትን የዘለለ ሰው የሚያሳምነው የለም። ቤተ ክርስቲያን የወሰዱትን ልጅ እግዚአብሔር አይሰማውም አልልም። የማልስማማው «ክኒኑን ካልጣልክ እምነት የለህም» ሲባል ነው። ፌኖባርቢታልን ለወራት የወሰደ አንጎል በጋባ በር ላይ ሆኖ የሚጠብቀውን ዘበኛ ለምዶታል። በአንድ ቀን ሲነሣበት ከበፊቱ የባሰ መንፈራገጥ፣ አንዳንዴም የማያቆም መንፈራገጥ ይመጣል፤ ይህም ይገድላል። ከዚህ የተነሣ መጋቢውም፣ ቄሱም፣ ሼኩም «ጸልይ፣ ክኒንህንም ዋጥ» ቢሉ ያተርፋሉ ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ሲሉ የሰማኋቸው አሉ።

ባለፈው ክረምት ከዶዮገና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ አንድ ቤት ገባሁ። ዝናብ ነበር። የቤቱ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከወደቀ ስምንት ወር አልፎታል፤ ትምህርት ቤት ተመልሷል። ምድጃው ዙሪያ እናቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ሠርታበታለች። ማታ ማታ እራት እንደበላ አንድ ክኒን ትሰጠዋለች። ክኒኑን የምታስቀምጠው በባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ ነው፤ አወረደችና መዳፏ ላይ ገልብጣ ቆጠረችልኝ። አሥራ አንድ።

«ቀጠሮው መቼ ነው እትዬ?»

«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን። ያለው ይኼ ነው ብለው ነው የሰጡኝ።» ትንሽ ቆየችና «ለሁለት ለሁለት ከፍዬ ባደርሰውስ ልጄ?» አለችኝ።

አይሆንም፣ ግማሹ አይበቃውም፣ ሳያልቅ ቀድመው ይሂዱ አልኳት። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰች። ከዚያ ለነገ የሆሳዕና መሳፈሪያ ስንት ኪሎ ድንች ብትሸጥ እንደሚበቃት በጣቷ መቁጠር ጀመረች።