የከተማ ሰዎች ገበሬ እንደ ሆኑ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓመት 2,000 የሚያህሉ ሰዎች ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በመርከብ ወደ ካናዳ ሄዱ። በዚያ አገር ያልታረሰ ሰፊ ሜዳ ነበረ፤ መንግሥትም ለጠየቀው ሰው 65 ሄክታር የሚያህል መሬት በ10 ዶላር ይሰጥ ነበር። መሬቱ ግን ርስት የሚሆንለት ሦስት ዓመት ተቀምጦ ሲያለማው ነው።

ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ በከተማ ያደጉ ጸሐፊዎችና ባለሱቆች ስለ ነበሩ በሬ መጥመድ እንኳ አያውቁም። በሳስካቱን ከባቡር ወርደው 300 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ በጋሪ ሲሄዱ፥ ከመጠን በላይ ጭነው ነበርና መንኰራኵሩ በረግረግ ተያዘ። ስለዚህ ከሩቅ ያመጡትን ዕቃ በሜዳ እያራገፉ አለፉ። በመሪያቸው በአይዛክ ባር አስተዳደርም ተማረው በእርሱ ፈንታ ጆርጅ ሎይድን ሾሙ። አንዳንዶቹም ተስፋ ቈርጠው ከመንገድ ቀሩ።

የጸኑት ግን የሚያውቀውን ሰው እየጠየቁ ሠሩ። እንጨት ያላገኘው ሰው ሣር የበቀለበትን አፈር ከነሥሩ ቈርጦ እንደ ጡብ እየደረበ ቤቱን ሠራ። ብዕር የለመደ እጅም ዕርፍ መጨበጥን ተማረ። መንደራቸው በሎይድ ስም ሎይድሚንስተር ተባለ፤ ዛሬም ከተማ ሆኗል።

ልጆች ሆይ፤ አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ያላወቁትን ለመጠየቅ ማፈር ግን ጉዳት ነው።